ወደ ግራ የቀረ ቀን

ወደዚያ ሠፈር ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ያውም ወፍ ሳይንጫጫ ስለሆነ፣ ርብቃ ማክሰኞና ዓርብ ከሁሉም ቀድማ ትነሣለች። የዚያን የግንቦት ማክሰኞም ነጠላዋን በትከሻዋ ጣል አድርጋ ወጣች፤ ጀሪካኖቿን ከጎረቤት ጀሪካኖች ኋላ አሰለፈች፤ ተራዋ ሲደርስ ቀድታ፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ አንጠልጥላ ተመለሰች። ቤቱ ባለ ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ነው። ግድግዳው ጭቃ ሆኖ ውስጡ በኖራ ተቀብቷል፤ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ጆንያ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጣሪያው በሚያፈስበት በኩል ቡናማ ክብ እየሠራ፣ አሁን የማያውቁት አገር ካርታ መስሏል። በፊተኛው ክፍል ርብቃ የምትተኛበት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና የይታያል መጻሕፍት የተደረደሩበት መደርደሪያ አለ። ይታያል ባሏ ነበር፤ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር፤ ከሞተ ዐሥራ አራት ዓመት አልፎታል። ከመጋረጃው ወዲያ ባለችው ክፍል ልጇ ህሊናና አማቷ እማማ ማንአለሽ በአንድ አልጋ ያድራሉ። እማማ ማንአለሽ ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው ለሕክምና ብለው ከአገራቸው ከአርብ ገበያ መጡ፤ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ሐኪሙ ሲመጣና ሲቀር፣ እነሆ ሁለተኛ ዓመታቸውን ያዙ።

አማትና ምራት ክፉ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ጎረቤቱ ይህን እንደ ምሳሌ ያነሣዋል፤ የገዛ ምራቷን የምታማ ሴት ሁሉ "የነርብቃን ቤት አታዩም?" ትባላለች። ነገር ግን በሁለቱ መካከል አንድ ያልተነሣ ነገር አለ። እንደ ቤት ምሰሶ መሐል ላይ ቆሟል፤ ሁለቱም ሳይነኩት ዙሪያውን ይሄዳሉ፤ ልማድ ስለሆነ አሁንማ አይደናቀፉበትም። አብረው ሲበሉ ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸውም የተጣሉ ሰዎች ዝምታ አይደለም፤ አንድ ዕቃ ሁለት ሆነው ተሸክመው ዳገት የሚወጡ ሰዎች ዝምታ ነው።

ርብቃ ለምሳ የሚሆን ድንች እየላጠች ሳለ ከመጋረጃው ወዲያ ህሊና በሹክሹክታ ስትናገር ሰማች።

"እምዬ፣ ለእማ እንዳይነግሯት። ስሜ አልወጣም።"

"የምን ስም?"

"የፈተናው ነዋ። ትናንት ግድግዳ ላይ ለጥፈውት ነበር። ከክፍላችን የሌለሁት እኔ ብቻ ነኝ።"

"ደኅና አርገሽ አይተሽው ነው? ወይስ የኔ ዓይን ወዳንች ተጋባ?"

"ከላይ እስከ ታች አየሁት። መምህር ጥበቡን ብጠይቀው 'የናትሽን ቢሮ ጠይቂ፤ የቤት ጉዳይ ነው' ብሎ ሳቀ። ልጆቹም ሳቁ።"

"ታዲያ ለናትሽ ካልነገርሽ ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔ ማኅተም አለኝ?"

"ማታ ደክሟት ነበር" አለች ህሊና።

ርብቃ ቢላዋውን አስቀመጠች። የልጇ ስም ለምን እንደቀረ ወዲያው ገባት። ገብቷት ሳለ እጇን በቀሚሷ አብሳ፣ ሻይና ዳቦ አቅርባ፣ ምንም እንዳልሰማች ሆና ጠራቻቸው። ህሊና ዳቦውን በሻይ እየነከረች በላች፤ ዐሥራ አምስተኛ ዓመቷን ልትይዝ የተቃረበች፣ የአባቷን ግንባርና ረጃጅም ጣቶች የወረሰች ልጅ ናት። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የከረመበት ዓመት ከእድሜዋ ላይ አንድ ክፍል በልቶባታል። ዘንድሮም ሳትፈተን ብትቀር ሁለት ሊሆን ነው፤ በዚያ ከተማ ደግሞ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ የቀረች ሴት ልጅን ደጅ የሚጠብቃት ትምህርት ሳይሆን ሽማግሌ ነው።

"ሰምቻለሁ" አለች ርብቃ፣ ህሊና ቦርሳዋን ስታነሣ። "ዛሬ አየዋለሁ።"

"እኔ ፎርሙን ትክክል ነው የሞላሁት እኮ እማ። የትውልድ ቀን የሚለው ላይ ጳጉሜን ሦስት አልሁ።"

"ትክክል ነው" አለች ርብቃ። እማማ ማንአለሽ ወደ አፋቸው የወሰዱት ስኒ እዚያው ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ጠጡ።

ከቤት እስከ ቢሮ ያለው መንገድ በገበያው ዳር ያልፋል። የገበያው ቀን ስላልሆነ መደቦቹ ባዶ ነበሩ፤ ሱቆቹ ግን ተከፍተዋል። ዘይት ከባለፈው ሳምንት እንደገና ጨምሯል፤ ከእንቁላል ሻጯ ጋር የሚከራከር አንድ ወታደራዊ ጃኬት የለበሰ ሰው "በዚህ ዋጋማ ዶሮዋን ልግዛት" ይላል፤ እሷም "ግዛት፤ ግን ዶሮዋም ሰምታሃለች፤ ጨምራለች" ትለዋለች። ርብቃ ጥግ ጥጉን ይዛ ስታልፍ አይሻ ከሳሙናና ከስኳር ሱቋ በር ላይ ሆና ጠራቻት። ልታመልጣት አልቻለችም።

"ርብቃ! ዘንድሮስ ለጥቅምት ልጆች ምሕረት አረጋችሁላቸው?"

"ደኅና አደርሽ አይሻ። ዘንድሮ ተስተካክሏል። አብዱልፈታህ ይፈተናል።"

"አልሐምዱሊላህ። ለነገሩ ጥፋቱ የኔው ነው። አንዲት ቀን ብታገሥ ኅዳር ይገባልኝ ነበር። ምጥ ሲይዘኝ ማን ይንገረኝ፣ 'አይሻ፣ ያዝ አርጊው፣ ኮምፒውተሩ አይወድም' ብሎ!" ሳቀች። በአጠገቧ ያሉትም ሳቁ። ርብቃም ፈገግ አለች። አምና ግን አንዳቸውም አልሳቁም። አምና አብዱልፈታህ ጥቅምት ሠላሳ ቀን በመወለዱ ብቻ የመፈተኛ ካርድ ሳይታተምለት ቀርቶ፣ ጓደኞቹ ሲገቡ እሱ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ፈተናው እስኪያልቅ አልነሣም ብሎ ነበር። አይሻ ምሳውን በፌስታል ይዛ መጥታ፣ እዚያው ድንጋዩ ላይ አብራው ተቀመጠች። ርብቃ ያን ቀን ከቢሮ ስትመለስ በሌላ መንገድ ዞራ ነው ቤቷ የገባችው።

ርብቃ የምትሠራው የተማሪዎችን መረጃ በሚያጠናቅር ቢሮ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ የሚጮህ ማተሚያ፣ እግሩ የተሰበረ ቁም ሣጥንና በመስኮቱ ላይ በክር የተንጠለጠለ የመብራት መምጫና መጥፊያ ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት አለ። ከሷ ጋር የምትሠራው ኢክላስ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጣቷ ፈጣን፣ ምላሷም ከጣቷ የማያንስ ልጅ ናት። ሰንጠረዡን ለርብቃ ያስተማረቻት እሷ ናት። በሰንጠረዡ ላይ የትውልድ ቀን ሲጻፍ፣ ኮምፒውተሩ ቀን ነው ብሎ ካመነበት ጽሑፉ በራሱ ወደ ሣጥኑ ቀኝ ዳር ይጠጋል፤ ካላመነበት ደግሞ እንደ ማንኛውም ተራ ቃል ግራ ዳር ላይ ይቀራል። አይጮህም፤ አይቆጣም፤ ዝም ብሎ ይተወዋል። ከአጠገቡ ያለው የዕድሜ ሣጥን ግን በቁጥር ፋንታ የስሕተት ምልክት ያወጣል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጅን ወሮች ነው። ሁለተኛው ወር ለሱ ጥቅምት አይደለም፤ ሠላሳ ቀን የሌለው አጭር ወር ነው፤ ዐሥራ ሦስተኛ ወር የሚባልም ሰምቶ አያውቅም። ስለዚህ በጥቅምት መጨረሻና በጳጉሜን የተወለደ ልጅ ሁሉ ግራ ይቀራል። ኢክላስ የመጀመሪያ ሰሞን ይህን አይታ፣ "እናንተ በቤተ ክርስቲያን የምትሉት ይሄ ነው አይደል? ጻድቃን በቀኝ፣ ኃጥአን በግራ" ብላ ቢሮውን ሁሉ አስቃ ነበር።

አምና ከዞን ካርድ ሲታተም ዕድሜ የሌላቸው ተዘለሉ። ከዚያ በኋላ ኃላፊው ጋሽ ሞላ ስብሰባ ጠርቶ፣ የጥቅምት መጨረሻ ልጆች ወደ ጥቅምት ሃያ ስምንት፣ የጳጉሜን ልጆች ወደ ነሐሴ ሠላሳ እንዲመለሱ ተወሰነ። ለየትምህርት ቤቱና ለየቀበሌው ደብዳቤ እንዲጻፍ ሲታዘዝ፣ ጽሑፏ ስለሚያምር ርብቃ ጻፈችው። "ለመረጃ ጥራት ሲባል በጳጉሜን ወር የተወለዱ ተማሪዎች በሙሉ ነሐሴ 30 እንደተወለዱ ተደርጎ እንዲመዘገብ" ብላ ስትጽፍ ልጇን አላሰበችም ማለት አይቻልም። አሰበች፤ ከዚያ ሐሳቡን እንደ ሬዲዮ ድምፅ ቀነሰችው፤ ነጥቡን አስቀምጣ ለፊርማ አቀረበችው። ከዚያ ወዲህ የሌላውን ሰው ልጆች ከጳጉሜን ወደ ነሐሴ ስታሻግር ከረመች። አንዳንድ እናት "በሩፋኤል ለት እኮ ነው የወለድኋት" ብላ ስትከራከር "ግድ የለም እናቴ፣ ጥቂት ቀን ነው" ትላለች። የመምህር ጥበቡ ደብተር ግን ደብዳቤው ሳይደርሰው የተሞላ ኖሮ፣ ህሊና በተወለደችበት ቀን ተጽፋ መጣች።

"አየሁት" አለች ኢክላስ፣ ርብቃ ገብታ ገና ሳትቀመጥ። "ትናንት ማታ፣ ዝርዝሩ ከተለጠፈ ወዲያ ያልገቡትን ስፈልግ ነው ያየሁት። ያንች ልጅ መሆኗን ሳውቅ አልነካሁትም። ዘንድሮ ከዞን የላኩት ሰንጠረዥ ደግሞ እንዳምናው ዝም ብሎ ግራ አይተውም፤ ጭራሽ አላስገባም ነው የሚለው። ነይ እይው።"

ርብቃ ተቀመጠች። ሦስት፣ ዐሥራ ሦስት፣ ሁለት ሺህ ሁለት ብላ ጻፈች። ኮምፒውተሩ እንደ ብረት ሳህን ድንግ አለና ቀይ ምልክት ያለበት መስኮት ከፈተ። ያስገቡት ቀን ትክክል አይደለም። እንደገና ጻፈችው። ድንግ አለ። እንደማይገባ እያወቀች ለሦስተኛ ጊዜ ጻፈችው።

"በፈረንጅ ቀይረን እንጻፈው ይሆን?" አለች ኢክላስ፣ ለማጽናናት ያህል። "መስከረም ስምንት፣ ሁለት ሺህ ዐሥር ይሆናል። ግን በኛ ቁጥር ሲቀነስ የሰባት ዓመት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ልትሆንብን ነው። ከዞን ሽልማት ይልካሉ።"

"ነሐሴ ሃያ ዘጠኝ ልጻፍ?"

ኢክላስ አየቻት። "ሃያ ዘጠኝ? ለምን? ሁሉንም ሠላሳ አይደል ያልናቸው?"

ርብቃ ተነሥታ ወደ ጋሽ ሞላ ክፍል ሄደች። ጋሽ ሞላ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጡረታው የቀረበ፣ ስኳር ያለበት፣ ምሳውን በሳህን ከቤት የሚያመጣ ሰው ነው። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማት።

"እስቲ አስቢው ርብቃ። የሌላው ልጅ ሁሉ ነሐሴ ሠላሳ ሲሆን ያንችዋ ለብቻዋ ሃያ ዘጠኝ ብትሆን፣ ነገ የማን ልጅ ናት ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ቀበሌውም የሚጽፈው ባንች ደብዳቤ ነው፤ የልደት ካርዷ ከዚህኛው ጋር ካልገጠመ ፈተና ክፍል በር ላይ ትመለሳለች። አይሻን አምና አላየሻትም?"

"አይቻታለሁ።"

"ቀን እኮ ነው። ልጅቷን አይለውጣትም።" ከዚያ ፊቷን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሌላ ነገር አለው እንዴ?"

"የለውም" አለች ርብቃ።

"ኢንተርኔቱ ዛሬም እንደተቋረጠ ነው። ፍላሹን የሚወስደው መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ዞን ይነሣል። ከዚያ ወዲያ በኔ እጅ አይደለም።"

ምሳ ሰዓት ላይ ቤቷ ሄደች። ብዙውን ጊዜ ምሳዋን ቢሮ ነው የምትበላው። እማማ ማንአለሽ ከደጃፉ ጥላ ሥር ቁርበት አንጥፈው፣ ምስር በሰፌድ ይዘው በጣታቸው እየዳሰሱ ጠጠር ይለቅማሉ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ጠጠሩን በጣት ማወቅ ለምደዋል። ራሳቸው ላይ እንደ ወትሮው ጥቁር ሻሽ ጠምጥመዋል። ርብቃ አጠገባቸው በርጩማ ስባ ተቀመጠች፤ ከሰፌዱ ጫፍ እሷም መልቀም ጀመረች።

ያ ያልተነሣው ነገር ይህ ነው። ይታያል የክረምት ትምህርቱን ባሕር ዳር ጨርሶ ሲመለስ፣ ነሐሴ ሠላሳ ቀን፣ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ከጭቃ መንገድ ተንሸራትቶ ገደል ገባ። በማግሥቱ አርብ ገበያ ተቀበረ። ርብቃ ወሯ ገብቶ ነበር። ላረገዘች ሴት፣ ያውም ለመውለድ ቀን ለምትቆጥር፣ መርዶ አይነገርም። አገሩ ሁሉ አወቀ፤ ቤቷ ግን አልገባም። እማማ ማንአለሽ ልጃቸውን ቀብረው፣ ጥቁር ልብሳቸውን እዚያው ጥለው፣ ነጭ ለብሰው፣ በእግር በበቅሎ ተጉዘው ምራታቸውን ሊያዋልዱ መጡ። ርብቃ ጉንጫቸው ላይ ቁስል አይታ "ምን ሆኑ?" ብትላቸው "አጥር ቧጨረኝ" አሏት። ይታያልስ ብትል "ፈተናው ከበዓል ወዲያ ተላለፈ፤ ኔትወርክ የለም" አሏት። በሩፋኤል ለት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ የሠፈሩ ልጆች ጸበል ነው እያሉ ራቁታቸውን ዝናቡ ውስጥ ሲጮኹ፣ ህሊና ተወለደች። ሴት ልጅ ናት ሲባል የባል እናት ሦስት ጊዜ እልል አሉ። ርብቃ ከዚያ ቀን እስከ መስቀል ማግሥት ባል ያላት አራስ ነበረች። ለጡቷ የሚሆን ገንፎ በላች፤ ለይታያል ልታሳየው የልጅቱን ጣቶች አንድ በአንድ አጠናች፤ ስም መረጠችላት። በመስቀል ማግሥት ገና ጎህ ሳይቀድ በሩ ሲንኳኳና የይታያል አጎቶች ተሰልፈው ሲገቡ፣ እማማ ማንአለሽ ሻሻቸውን አወለቁ። ራሳቸው ተላጭቶ ነበር። ርብቃ መርዶውን የሰማችው ከአጎቶቹ አፍ አይደለም፤ ከዚያ ራስ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለነዚያ ቀናት አንድም ጊዜ አላወሩም። ርብቃ እንዳታመሰግናቸው የተታለለችውን ታስባለች፤ እንዳትወቅሳቸው ደግሞ ያን ቁስል ታስታውሳለች።

"ቶሎ መጣሽ" አሉ እማማ ማንአለሽ።

"የልጅቱ ነገር ነው እማማ። ኮምፒውተሩ ጳጉሜንን አይቀበልም።"

"ጳጉሜን ምን አደረገው?"

"አያውቀውም። በነሱ አገር የለም።"

"እንግዲህ የማያውቁትን ምን ይቀበሉ።" ጠጠር አግኝተው ወደ ደጅ ወረወሩ። "ታዲያ ምን በይ አሉሽ?"

"ነሐሴ ሠላሳ።"

የአሮጊቷ ጣቶች ምስሩ ውስጥ ቆሙ። ከጎረቤት ግቢ አንድ ሰው ሬዲዮ ከፍቶ ዘጋው።

"ነሐሴ ሠላሳማ የሱ ነው" አሉ።

"አዎ።"

"ሌላ ቀን ጠፋ?"

"ሌላ አይሆንም። ለሁሉም እንደዚያ ተብሎ ተጽፏል።" ርብቃ ምስሩን እያየች ጨመረች፤ "የጻፍሁት እኔ ነኝ።"

እማማ ማንአለሽ ምስሩን በመዳፋቸው ደለደሉ። ከዚያ ለርብቃ ሳይሆን ለሰፌዱ እንደሚነግሩ ሆነው ጀመሩ።

"ልጅቱ ስትወጣ ሴቶቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩ። እልል ማለት የኔ ፈንታ ነው። አንዷ አላስችል ብሏት ወጣች። እኔ አፌን ከፈትሁ። ምን ይውጣ ምን አላውቀውም። እስካሁንም ይኸው አላውቀውም። ጩኸት መስሎሽ ቢሆንስ እያልሁ ኖሬአለሁ።"

"እልልታ ነው የወጣው እማማ" አለች ርብቃ። "ሰምቻለሁ።"

"ሰምተሽው ነበር?"

"ደስ ብሎኝ ነበር።"

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደጋግመው ነቀነቁ። እጃቸው ሳያስቡት ወደ ሻሻቸው ሄዶ፣ አንድ ሰው ሊወስድባቸው የመጣ ይመስል፣ ቋጠሮውን አጠበቀ። ርብቃ እጇን ልትዘረጋ ፈልጋ ነበር፤ መሐል ላይ ሰፌዱ ነበረና ምስር መልቀሟን ቀጠለች።

"አባት ለልጁ መሬት ያካፍላል" አሉ በመጨረሻ። "የሱ የቀረችው ያቺው ቀን ናት። ትካፈለው። ጻፊው፣ ልጅቱ ትፈተን።"

"እሺ።"

"ምሳ አልበላሽም።"

"በልቻለሁ" አለች፤ አልበላችም ነበር።

ስትመለስ ኢክላስ ወንበሩን ለቃ ቆማ ጠበቀቻት፤ ሌላውን ሁሉ ጨርሳ የቀረው ያ አንዱ ሣጥን ብቻ ነበር። ርብቃ ተቀምጣ ሠላሳ፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሁለት ሺህ ሁለት ብላ ጻፈች። ኮምፒውተሩ አልጮኸም። ቀኑ ከእጇ ሥር ሸርተት ብሎ ወደ ቀኝ ዳር ተጠጋ፤ ከአጠገቡ ባለው ሣጥን ውስጥ የስሕተቱ ምልክት ጠፍቶ ዕድሜዋ ወጣ። እንዲህ ቀላል ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኢክላስ "ጸደቀች" ባለች ነበር፤ አሁን ግን ፍላሹን ነቅላ፣ በወረቀት ጠቅልላ፣ በርብቃ እጅ ላይ አስቀመጠችው። ርብቃ ለጋሽ ሞላ ሰጠችው። መኪናው ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነው የተነሣው፤ ሾፌሩ ጫት ሊገዛ ሄዶ ነበር። እሷ በመስኮቱ ሆና አቧራው እስኪረግብ አየች፤ ከዚያ ተማሪዎች አይተው የሚፈርሙበትን የማረጋገጫ ወረቀት አትማ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ማታ ራት ከተበላ በኋላ ወረቀቱን ለህሊና ሰጠቻት። መብራት ስለነበር ልጅቱ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አነበበችው፤ ስሟን ስታይ ፊቷ በራ፤ "ወጣሁ! እምዬ፣ ወጣሁ!" ብላ ዘለለች። እማማ ማንአለሽ "እሰይ" አሉ። ህሊና እስክሪብቶ ፈልጋ፣ መፈረሚያውን በጣቷ እየፈለገች ወርዳ፣ መሐል ላይ ቆመች።

"እማ፣ ይሄ የአባዬ ቀን ነው።"

"አዎ።"

"የኔ በሩፋኤል ነው እኮ። ተሳስተው ነው?"

"አልተሳሳቱም። እኔ ነኝ የጻፍሁት።"

"ለምን?"

ርብቃ ስለ ኮምፒውተሩ፣ ስለ ወሮቹ፣ ስለ ቀኝና ግራው፣ ስለ አብዱልፈታህ ነገረቻት። ሁሉም እውነት ነበር። ህሊና እስከ መጨረሻው አዳመጠች፤ የጂኦግራፊ መምህሩን ግንባር ቋጥራ።

"ነሐሴ ሠላሳ ላይ ተዝካር ነው የምናደርገው" አለች ቀስ ብላ። "ሰው ልደትሽ መቼ ነው ሲለኝ ምን ልበል?"

ርብቃ ለሌሎቹ እናቶች የምትሰጠው መልስ ምላሷ ላይ መጣ፤ ግድ የለም፣ ጥቂት ቀን ነው። አልተናገረችውም። ከአልጋው ጠርዝ እማማ ማንአለሽ "ፈርሚ ልጄ" አሉ። ህሊና አያቷን አየች፤ እናቷን አየች፤ ጎንበስ ብላ በእነዚያ ረጃጅም ጣቶች ስሟን ጽፋ ፈረመች። ወረቀቱን ለእናቷ መለሰችላትና መጋረጃውን ገልጣ ገባች። አያቷም ግድግዳውን እየዳሰሱ ተከተሏት።

ርብቃ ወረቀቱን ዳግም እንዳይታጠፍ ከይታያል መጻሕፍት በአንዱ ውስጥ አስገባችው። ከእንግዲህ በቢሮውም፣ በቀበሌውም፣ በዞንም ያለው ይኸው ነው፤ አባትየው ነሐሴ ሠላሳ ሞተ፣ ልጅቱ ነሐሴ ሠላሳ ተወለደች። አሮጊቷ ልጃቸውን ቀብረው በእግር በበቅሎ የመጡበት ቀን የለም። ዝናቡ የጣለበት ቀን የለም። በሁለቱ መካከል አንድም ቀን የለም።